የአብነቱ ግቢ አይሸጥም

ዛሬ ነሐሴ 18 ቀን 2005 ዓ.ም. እኔ ወይዘሮ ደሚቱ ገለታ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ልደታ አብነት በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ እንጂ አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዚህ ቀደም ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢመጣ ሐሰተኛ ነው።

አንደኛ። አራት ተከራይ ቤተሰቦች የሚኖሩበትን ይህን ግቢ በ1987 ዓ.ም. ከአባቴ በወረስኩት ገንዘብ ገዛሁ። ሟች ባለቤቴ አቶ ሙለታ በግዢው አልተስማማም ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሽንት ቤቱ በየዓመቱ ይመጠጣል እያለ ወረቀት ላይ ደምሮ አሳየኝ። «ኪራይሽ ዐሥራ ሁለት ወር ነው፤ ቤትሽ ግን ዐሥራ ሦስቱንም ወር ይበላል» አለኝ። አልሰማሁትም። ኪራይ በማይከፈልባት በጳጉሜን እኔ ጭድና ምስማር አቀርባለሁ፤ ተከራዮቼ ከእኔ ጋር ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን ይመርጋሉ፤ የመስከረም ኪራያቸው በግማሽ ይቀነስላቸዋል። ይህ ልማድ ወደፊትም ይቀጥል።

ሁለተኛ። ልጄ ሮቤራ ግቢው ተሽጦ አዲስ ፎቅ ላይ ሦስት የሚከራዩ ቤቶች እንዲገዙ ስድስት ወር ሙሉ ወትውቶኛል። ግትር ናት እንዳልባል ሄጄ አየሁ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። የጥገናው ክፍያ ግን ቤቱ ተከራየም አልተከራየም በየወሩ ነው፤ የኪራዩንም ሲሶ ይወስዳል። ጥበቃውን «ማነው የሚጠግነው?» ብዬ ብጠይቀው «ማኅበሩ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ማኅበሩስ የት ነው?» «ስብሰባ ላይ ናቸው።» እዚያው ቆርጬ ወረድኩ።

ሦስተኛ። ስለዚህ ግቢው ለልጄ ለኢሊሊ ይሁን። የትኛው ቆርቆሮ በየት በኩል እንደሚያፈስ ከልጅነቷ ጀምሮ ጣሪያ ላይ እየወጣች ታውቃለች። ዐሥር ዓመት እስኪሞላ አትሸጠውም። መሰለችንና ሌሎቹን ተከራዮች ያለ በቂ ምክንያት አታስወጣ። ከኪራዩ ሩቡ፣ ገና ምንም ሳይነካ፣ ለጥገና ይቀመጥ።

አራተኛ። ተክለ ሃይማኖት ያለው ሱቄና በባንክ ያለኝ ገንዘብ በሙሉ ለሮቤራ ይድረስ። ፎቁን ከፈለገ በራሱ ገንዘብ ይግዛ። ሲገዛ ግን የወር ክፍያውን ከኪራዩ ቀንሶ፣ ቤቱ ባዶ የሚቆይበትንም ወራት አስቦ ይሁን። እወደዋለሁ፤ አልተቀየምኩትም። ግቢውን ያልሰጠሁት መዶሻ ጨብጦ ስለማያውቅ ብቻ ነው።

አምስተኛ። ይህ ሲጻፍ ሮቤራ «እማዬ፣ አባባ እኮ ልክ ነበር» ብሎ ጣልቃ ገባ። ጸሐፊው ይህንንም እንዲጽፍ አዝዣለሁ። አዎን፣ ልክ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ ግቢ አንድ ብር አላተረፍኩም፤ ኪራዩን ጥገናው በላው። ሙለታ እያሾፈብኝም ቢሆን በየክረምቱ መዶሻ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣው እርሱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሲያርፍ «ልክ ነህ» የምትለዋን ቃል ከአፌ ሳይሰማ ሄደ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንኳ እልሄ አልለቀቀኝም። ይህ ያንገበግበኛል። ግቢውን መግዛቴ ግን አይቆጨኝም፤ ነገ ለሽያጭ ቢቀርብ ደግሜ እገዛዋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምስክሮቹ ፊት ተነቦልኝ፣ እንዳልኩት መጻፉን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ደሚቱ ገለታ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ እኛም ሲነገርና ሲነበብ በአንድነት ተገኝተን ሰምተን ፈርመናል፤ ከንብረቱ የሚደርሰን ነገር የለም።
አቶ ሁመድ ሺፋ (ፊርማ)
ወይዘሮ ኮከቤ ይመር (ፊርማ)
አቶ ሸዋዓለም በቀለ (ፊርማ)
ወይዘሮ ሲቲ አብዱልመናን (ፊርማ)