ቤቱን እኔው ሸጥኩት

ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ፈርቼ አይደለም። ስልክ ላይ አታስጨርሺኝም፤ ግማሹን ሰምተሽ ወይ ትቆጫለሽ ወይ ታለቅሻለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሰውን ከሰው ሳገናኝ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ወሬ በወረቀት መላኬ እኔንም አስቆኛል። ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው።

ቤቱ ተሸጧል። በይ አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ጠቅልዬ ወደ አንቺ እንድመጣ ብለሽ ቤቱን የቤት ሽያጭ መተግበሪያው ላይ እንዲያወጡት ባዘዝሽ ሰሞን የአሻሻጩ ድርጅት ኃላፊ ራሷ መጣች። ኃላፊ ስትባል አንድ ጎምቱ ሰው ነበር የጠበቅሁት፤ ለካ ያንቺ ታናሽ የምትሆን፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚከብድ ልጅ ናት። "እማማ፣ እርስዎ ከፎቶው ይውጡልኝ" አለችና ክፍሉን ሁሉ አነሳች። የአባትሽን ወንበር ሳይቀር ጓሮ አስወጣችው። ስትሄድ መልሼ አስገባሁት። ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ ሳያቸው ግን ቤቴን አላወቅሁትም። ይህን የመሰለ ቤት ማን በሰጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች በቪዲዮ ካላየን አሉ። ኃላፊዋ ሌላ ቤት እያሳየች ስለነበር "ስልኩን በደረትዎ ልክ ይያዙና ቀስ ብለው ክፍል ለክፍል ይዙሩ" አለችኝ። ያዝኩ፣ ዞርኩ። አፌን ደግሞ ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያው ሰውዬ "ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው?" ሲለኝ "ከጀርባ ያለው ጎረቤት ትራምፔት ይለማመዳል፤ ከጀመረ ቆይቷል፣ ገና አልሆነለትም" አልኩት። በዚያው የማድ ቤቱ ማፍሰሻ ክረምት ሲገባ እንደሚሸት ጨመርኩለት። አመስግኖኝ ዘጋ፤ በዚያው ቀረ።

ወዲያው ኃላፊዋ ደወለች።

"እማማ፣ ምን ነካዎት? ያለቀለት ገዢ እኮ ነው ያባረሩብኝ።"

"ጠየቀኝ፣ መለስኩ።"

"ስለ ማፍሰሻውስ ማን ጠየቀዎት?"

እውነቷን ነው፣ እሱን አልጠየቀኝም። ቢሆንም አኮረፍኳት። እሷም አኮረፈችኝ።

ቀጥሎ የደወሉት አንዲት ነርስና ባሏ ናቸው። እነሱም እንዳንቺው ከአገር ርቀው የኖሩ ናቸው፤ ሊመለሱ ነው። ኃላፊዋ መስመሩ ላይ ሆና ትሰማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቶቹን አሳየሁ፤ ከተጠየቅሁት በላይ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። በመጨረሻ ነርሷ፣

"እናቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ ልጅዎን እዚህ ቤት ያሳድጉ ነበር?" አለችኝ።

"አሳድጌበታለሁ" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ። "ክረምት ሲገባ ማፍሰሻው ላይ የፈላ ውሃ ትደፊበታለሽ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለልጆች ስጫቸው፤ ልጄ እዚያ ነው ያጠናችው። ትራምፔቱን ትለምጅዋለሽ። የቀረ ቀን እንዲያውም ሰውዬው ምን ሆነ ብለሽ ትሰጊያለሽ።"

ባልና ሚስቱ ሳቁ። ኃላፊዋ አልሳቀችም። በማግስቱ ግን እሷው ናት ደውላ "ወሰዱት" ያለችኝ። "ያየናቸው ቤቶች ሁሉ እንከን አልነበራቸውም፤ ያ ነው ያስፈራን ብለውኛል" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ውሉን የተፈራረምን ዕለት ኃላፊዋ ማድ ቤቴ ገብታ ተቀመጠችና ሥራ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ እርፍ። በ"አንቺ" አላለችኝም፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኳት፤ ግን ተደራድረን ነው። የቤቱን እንከን ተጠየቅሁም አልተጠየቅሁም እናገራለሁ፤ የጎረቤትን ወሬ ደግሞ አልጨምርም። አሁን ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለችው ጠባብ ቢሯቸው ከድርጅቱ ልጆች ጋር እውላለሁ። "ኦፕሬተሯ" ይሉኛል። ስልክ ይዤ የሰው ቤት እዞራለሁ፤ ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዞራለሁ። አንዳንድ ባለቤት ይቆጣኛል፤ ይቆጣ። ከሩቅ የሚገዛ ሰው ዓይኑ እኔ ነኝ።

ከቢሮው አለፍ ብሎ ደግሞ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዝቻለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ አትቆጪ፣ ሊፍት አለው። መስኮቱ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ያያል፤ ቀኑን ሙሉ የልጆች ጫጫታ ነው። ሲመሽ ትንሽ ዝም ይላል፤ እለምደዋለሁ።

እንግዲህ ወደ አንቺ አልመጣም። ለመኖር ማለቴ ነው፤ ለመጠየቅማ ማን ይከለክለኛል። ባልሽን እንዳታኮርፊው፤ እሱ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ሥራዬን ስለወደድኩ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ።

ባለፈው መጥቼ ሳለሁ "ክፍሉ ትርፍ ነው፣ እማዬ" ብለሽኝ ነበር። አንድ ማለዳ ከሁላችሁም ቀድሜ ተነሳሁ። ልጅሽ ሳሎን ውስጥ የተኛችበትን አንሶላ አጣጥፋ ሶፋው ሥር ስትደብቅ ደረስኩባት። ደነገጠች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ "አያቴ፣ ዛሬስ ቀደምሽኝ" አለችኝ። ጉንጯን ስሜ ወደ ማድ ቤት አለፍኩ። ለአንቺም ትንፍሽ አላልኩ።

ክፍሏን መልሺላት። በሯን ስትዘጋም ዝም በያት፤ በሷ ዕድሜ አንቺም ትዘጊ ነበር።

ቤታችሁ ሳቅ አይጉደልበት። የደከምሽበት ሁሉ ይባረክልሽ፤ አንቺ እኔን ደስ እንዳሰኘሽኝ ልጅሽም አንቺን ታስደስትሽ። ባልሽን ሳሚልኝ። እሷን ሁለት ጊዜ።

እናትሽ