ክር የማያንቀው መጥረጊያ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ቋ ቋ ይላል ወይስ ያ የታዘዘልሽ ቅባት ለውጥ አመጣ? መምህሩ ባልሽስ እንዴት ነው? ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋልን ለመደው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡን እንደ ተማሪ እያሰለፈ ስም ይጠራባችኋል? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? መንትዮቹስ መጣላት ተዉ ወይስ ገና ናቸው? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። «ደህና» ስልሽ ደግሞ እንደ ልማዴ ሸፋፍኜ አይደለም፤ በዚህ ደብዳቤ ሁሉንም ነገር ግልጥልጥ አድርጌ ልጽፍልሽ ቆርጬ ነው የተነሣሁት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፎታል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ ሳይሆን፣ የማልቆምበትን ቃል አልጽፍም ብዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር የኖረችውን ባለቤቴን አንቺ ዛሬም «ሙሽሪት» ነው የምትያት፤ እኔም እዚህ እንዳንቺው ልበላት። «ደረቷ እስኪሻላት ሙሽሪትን ወደ እኔ ላካት፤ እዚህ አየሩ ንጹሕ፣ ቤቱም ሰፊ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እናት ሆነሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና በጎ አስበሽ እንደሆነ አልጠራጠርም። መልሴ ግን አይሆንም ነው። እንዳትቀየሚኝ፤ ምክንያቴን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

ሳሉ የጀመራት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። መጀመሪያ ብርድ ነው ብለን ናቅነው። ኋላ ግን የአንድ ሱሪ ጫፍ ቀምቅማ ሳትጨርስ ትንፋሽ እያጠራት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ሐኪሟ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ደረቷን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሣት፣ ከዚያ ስለ ሕመሟ ትቶ ስለ ቤታችን ይጠይቀን ጀመር። የት ነው የምትሠሩት? የት ነው የምትተኙት? ማን ይጠርጋል? የፊተኛዋ ክፍል የስፌት ቤት፣ የኋለኛዋ መኝታችን እንደሆነች፣ በመሐላቸው ከአንድ ደፍና ከአንድ መጋረጃ በቀር በር እንደሌለ ነገርነው። እሷም እንደ ሙያ ቆጥራው «በቀን ሦስቴ እጠርጋለሁ» አለች።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «የሚያሳምምዎት ይኸው ነው። የጨርቁ ብናኝ መሬት ላይ ሲተኛ ብዙም አይጎዳዎትም፤ እርስዎ ግን በመጥረጊያ እየቀሰቀሱ ወደ ደረትዎ ይሰዱታል» አላት። ወደ እኔ ዞሮም «ወይ ብናኙ ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ወይ እሳቸው ይውጡ» አለኝ።

ለአንቺ የጻፍኩልሽ ያን ቀን ነው። ስደነግጥ ወደ አንቺ መሮጥ ከልጅነቴ የመጣ አመሌ ነው። አንቺም ከሐኪሙ ቃል «እሳቸው ይውጡ» የሚለውን ይዘሽ መለስሽልኝ። እኔ ግን ውሎ ሲያድር፣ ሰውየው የሰጠኝ መንገድ አንድ ሳይሆን ሁለት እንደሆነ አሰብኩ። የመጀመሪያውን ሳልሞክር ሁለተኛውን አልነካም አልኩ።

መጥረጊያውን ከእጇ ተቀበልኩ። እኔ ስጠርግም ብናኙ ያው ይነሣል። ውሃ ረጭቼ ሞከርኩ፤ የደንበኛ ነጭ ሱሪ እግሩ ጭቃ ነካ። ከጎረቤት ባለ ቱቦ የአቧራ መሳቢያ ተውሼ መጣሁ፤ ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ያስንቃል፣ በፊቱ የሳበውን በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ስፌቱን ሌላ ቦታ ላድርገው ብዬም ቤት ፍለጋ ዞርኩ። ግን ትንፋሽ የሚያጥራትን ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ጥሎ መዋል አንጀቴ አልችል አለ።

እንዲህ ግራ ገብቶኝ ሳለ የአውቶቡስ ሹፌሩ ደንበኛችን የደንብ ልብሱን ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። የሙሽሪትን ሳል ሲሰማ ነገሩን ጠየቀን፣ ነገርነው። «አማቴ ቤት እንደ ኤሊ መሬት ለመሬት የሚዞር ሮቦት መጥረጊያ አለ። ሰው ሳይነካው ይጠርግና ሲደክመው ራሱ ሄዶ ኤሌክትሪኩ ላይ ይቆማል። ከአማቴ ጋር ተጨቃጭቆ የማያውቅ የቤተሰቡ አባል እሱ ብቻ ነው» አለን። ሙሽሪት ስቃ ስቃ ሳሉ ጣላት። እኔ አልሳቅኩም። «ሰው ሳይነካው» ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ከሆነ እኮ ቤቱ ሲጠረግ እሷ ደጅ መሆን ትችላለች።

በማግሥቱ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ ከወለላችን የለቃቀምኩትን ክር፣ ብጣሽ ጨርቅና ብናኝ በከረጢት ይዤ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ምላሱ ከስፌት መኪና የፈጠነ ጎልማሳ ነው። እንዳየኝ ወደ ትልቁና ወደ ውዱ ወሰደኝ። «ጋሼ፣ ይኼኛው ያያል፣ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ወለል ይወለውላል፣ የቤትዎን ካርታ ስልክዎ ላይ ይስላል» አለኝ። «ልጄን ልድርለት አልመጣሁም፤ መናገሩ ለምኔ ነው?» አልኩት። ካሜራውንም አልፈልግም አልኩ፤ የእኔ ክፍል ሴቶች ልብስ የሚለኩበት ነውና ዓይን ያለው ዕቃ እዚያ አይገባም። ውልወላውም ይቅርብኝ፤ እርጥበትና ጨርቅ ጠበኞች ናቸው።

ከዚያ ሜትሬን አውርጄ ቁመት እለካ ጀመር። ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ግርጌ ያለው ብረት ከወለሉ ዘጠኝ ሳንቲም ተኩል ነው፤ የአልጋችን ሥርም አሥር አይሞላም። ብናኝ የሚተኛው ደግሞ እዚያ እዚያ ነው። አናታቸው ላይ ቆብ የመሰለ ጉብታ ያላቸው ሁሉ በቁመት ወደቁ። የሁለት ሳንቲም ደፍ መውጣት የማይችሉትም ቀሩ። ከደርዘን ያህል ዕቃ ሦስት ተረፉ። «በል አሁን እነዚህን አስነሣልኝ» ብዬ ከረጢቴን ፈታሁና በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ዘረገፍኩት።

ሻጩ ክው አለ። «ጋሼ! እዚህ ቆሻሻ መድፋት ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ። «ቆሻሻ አይደለም፣ ቤቴ ነው። ቤቴን መጥረግ መቻሉን ሳላይ አልወስድም» አልኩት። ጩኸታችንን ሰምታ የመደብሩ ኃላፊ መጣች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ወለሉንም እኔንም አየችና ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ነገርኳት፤ የሚስቴን ደረትና የሐኪሙንም ቃል አልደበቅኳት። ወደ ሻጩ ዞራ «አስነሣላቸው» አለችው።

የመጀመሪያው ብሩሹ ጸጉራም ነበር፤ ሁለት ክንድ ክር ተጠመጠመበትና ገመድ እንዳነቀው በግ እየጮኸ ቆመ። ሁለተኛው በጎኑ ያለው ትንሽ ብሩሽ እየተሽከረከረ ብናኙን ከመሰብሰብ ይልቅ ወዲያና ወዲህ በተነው። ሦስተኛው በጸጉር ፋንታ የጎማ ጥቅል ያለው ነው፤ ብናኙን ሙልጭ አድርጎ ዋጠ፣ ክሩም አልያዘው። ሻጩ «ይኸው!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ግን «ሆዱን ክፈትልኝ» አልኩት። ሲከፍተው አቧራው ቡን ብሎ ፊቱን አለበሰው፤ አራት ጊዜ አስነጠሰ። «አየህ? ሐኪሙ አትቀስቅሱ ያለን ይህን ነው» አልኩት።

ሰውየው የተለወጠው ያኔ ነው። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ «ይጠብቁኝ ጋሼ» አለና ከመጋዘን አንድ ዕቃ አወጣ። ያው የጎማ ጥቅል፣ ያው ዝቅ ያለ ቁመት ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደሚሞላበት ማደሪያው ሲመለስ ግን የሰበሰበውን ራሱ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ይገለብጣል። ከረጢቱ ሲሞላ እንደታሸገ ይጣላል፣ ማጣሪያውም ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ዓይነት ነው። ሦስቴ አስደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ሻጩ ራሱ ተንበርክኮ ክር ይበትንልኝ ነበር። በመጨረሻ ወለሉን በመዳፌ ዳበስኩና መዳፌ ንጹሕ ሲሆን «ይህ ነው» አልኩ።

ቤት ስደርስ የጠበቀኝ ደስታ አልነበረም። ሙሽሪት ሳጥኑን አይታ ፊቷን አዞረች። በማግሥቱ ዕቃውን ላስነሣ ስል ገነፈለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ቤት የጠረግኩት እኔ ነኝ። ዛሬ መጥረጊያዬን ለዚህ የድስት ክዳን አስረከብክ። ነገ መርፌዬን ትቀማኛለህ። ከነገ ወዲያ እኔኑ ጠቅልለህ ለእህትህ ትልካለህ» አለችኝ።

ለካ የአዝራር ቆርቆሮውን ስትፈልግ ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ አግኝታ፣ አንብባ፣ እንደነበረ አጥፋ መልሳው ኖሯል። አሥር ቀን ሙሉ በሆዷ ይዛ፣ መቼ ይነግረኝ ይሆን እያለች ስትጠብቀኝ ነበር። እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። የደበቅኩት እንዳይከፋት ነበር፤ ከደብዳቤው ይልቅ ግን መደበቄ ከፋት።

ጎኗ ተቀመጥኩና «የትም አትሄጂም። ይህን ያመጣሁት አቧራው እንዲወጣ ነው እንጂ አንቺ እንድትወጪ አይደለም። እሱ ካልሆነ ሌላ እፈልጋለሁ፤ ሌላውም ካልሆነ ስፌቱን እተወዋለሁ» አልኳት። የምሬን መሆኑን እኔም ያወቅኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «እሺ አስነሣው። ጥጋጥጉን ከዘለለ ግን በእግሬ ነው የምለው» አለችኝ።

ታዲያ ዕቃው ተአምር ሠራ ብዬ እንዳልዋሽሽ። በሁለተኛው ቀን ስፒል ውጦ ከረጢቱን በሳው። በአራተኛው ቀን ከመስቀያው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የደንበኛ ቀሚስ ነክሶ ከክፍል ክፍል ሲጎትተው ደረስኩበት፤ ገበሩን እንደ አዲስ ሠራሁት። ሙሽሪት «መረጥኩ ያልከው ይህንን ነው?» ብላ አላገጠችብኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ መለወጥ የነበረብኝ እኔም ነኝ። ሠላሳ ዓመት ክር በጥርሴ በጥሼ መሬት ላይ እንትፍ የምል ሰው፣ ዛሬ ቁርጥራጩን በጠርሙስ አጠራቅማለሁ። ጨርቅ የምቆርጠው ደጅ አንሶላ ዘርግቼ ነው። ስፒል ከወደቀ በማግኔት ሳልለቅም አልነሣም። ሥራዬ በቀን አንድ ሰዓት ረዝሟል፤ ይርዘም።

ዕቃው ሲጠርግ እሷ ከቤት መውጣት አለባት። መጀመሪያ በር ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር፤ ኋላ አብሬያት ወጣሁ። አሁን በየጠዋቱ እናስነሣውና በሩን ዘግተን እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን። በቀስታ ነው፤ ስታርፍ አርፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፍተናል እንጂ በሥራ ቀን ጎን ለጎን ሄደን አናውቅም ነበር። ደንበኞች በር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ!

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። ማዳመጫውን ከጀርባዋ ሳያነሣ «ምን አደረጋችሁ?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት። ገና አልዳነችም፣ መድኃኒቱም ይቀጥላል፤ ደረቷ ግን ተከፍቷል፣ ቤቷን ትታ መሄድ አያስፈልጋትም አለን። በመስኮቱ አጠገብ በቀን ሁለት ሰዓት መርፌ እንድትይዝም ፈቀደላት። መጥረጊያ ግን ዳግመኛ እንዳትነካ። ስንወጣ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው እትዬ። ቤትሽን ንቄ፣ ወይም ሙሽሪት አንቺን ጠልታ እንዳይመስልሽ። ለመምህሩ ባልሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ለምሰፋለት ኮት፣ ክብደት ከጨመረ ልኩን በሐቀኝነት ይላክ በይው። ለትልቋ ልጅሽ፣ ፈተናው ቢከብድም አጎቷ እንደሚኮራባት ንገሪልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ማን ቀድሞ እንደተሳመ ግን ጠብ እንዳይሆን በአንድ ጊዜ ይሁን። የባልሽን እናትም ጉልበት ስሜያለሁ።

ይህን ስጽፍ ሙሽሪት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአስተናጋጅ ኮት ላይ አዝራር እየተከለች ነው። ምን ልጨምርልሽ ብላት፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ልጆቿ ትምህርት ሲዘጋላቸው እንደምንመጣ ጻፍላት። አልጋውን ግን ሰፋ አድርጋ ታንጥፍ፤ ሁለት ነን» አለችኝ።

የምወድሽ ወንድምሽ፣ ልብስ ሰፊው
ከቤታችን፣ ከፊተኛዋ ክፍል
መጋቢት 17 ቀን