እኔ የሌለሁበት ልኬት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

የምክር ባለሙያዋ ዛሬም ባለቤቴን ጥሩወርቅን ብቻዋን አስገብታ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጠችኝ። የጥሩወርቅ ልብ ከታመመ ወዲህ ሐኪሙ ነው ይህን ምክር ያዘዘው፤ የትዳር ጭንቀት የሴትን ልብ ይጎዳል ይላል። ለእርቅ ከሆነ የንስሐ አባታችን አሉ። በቀደም ቤት መጥተው "በሰላም ናችሁ?" ሲሉን "እግዚአብሔር ይመስገን አባ" ያለችው ራሷ ጥሩወርቅ ናት።

ሲጨርሱ ባለሙያዋ ልጅ "ለክቻት ነበር፤ የደም ግፊቷ ወርዷል" አለችኝ። እኔ በየጠዋቱ እለካታለሁ፤ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ የተበላሸ መሣሪያ አውቃለሁ።

"መሣሪያሽን አስፈትሺ" አልኳት።

"እሺ ጋሼ፣ እንግዲያው የእርስዎን ይስጡኝ።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። በሩን ዘግታ በእኔው መሣሪያ ለካቻት። ወርዷል። ገብቼ ከጥሩወርቅ አጠገብ ተቀመጥኩና ራሴ ደገምኩት። ወጣ። ልጅቱ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን መዝገቧ ላይ ጻፈች፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ "የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ለአባ ለምን አልነገርሽም?" አልኳት።

"አንተ ጎኔ ተጎልተህ?" ብላ ሳቀች። ቀጥላም "ከነገ ጀምሮ ራሴ እለካለሁ" አለችኝ።

ልቧ ከዚህ በላይ ግፊት አይችልም፤ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። መሣሪያውን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬላታለሁ። እንግዲህ ጠዋት ስትለካ እኔ ከገዛ ቤቴ ልውጣላት? በዚህ ብርድ? እሺ፣ ልውጣ። ግን እስክትለካ ብቻ ነው፣ ወይስ ከዚያም በኋላ...