በቤት ሥራዬ የተጠቀለለው አምፖል

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ፣ ብርድ ሲገባ አሁንም ያስነክስሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? የፋብሪካው ጩኸት ጆሮህን እንዳይጎዳው ጥጥ አድርግበት ብዬህ ነበር፤ አድርገሃል? እኛ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል፣ በልተን እናድራለን፣ ስምህ ሳይነሳ የሚመሽ ቀን የለም። እማዬ የደም ግፊቷ ወርዶላታል። ጣራውም ዘንድሮ አላፈሰሰም፤ ያ አንተ የመታኸው ቆርቆሮ አሁንም እንደያዘ ነው።

ከሰላምታው ሳልወጣ አንድ ነገር ልበልህ። አንተ ደብዳቤህን ስትጨርስ ለእማዬ፣ ለእኔ፣ ለአክስታችን፣ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ ለውሻው ሳይቀር ሰላምታ ትልካለህ። አባባ ጋ ስትደርስ ትዘላለህ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው የሌለ ሰላምታ ከራሴ ፈጥሬ አስገብቼ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። እሳቸው ግን አይታለሉም፣ እሺ ብለው ብቻ ይነሳሉ። እኔም መልስ ስጽፍልህ አባባ ሰላም ብለውሃል ያልኩህ ግማሹ የእኔ ፈጠራ ነው። ዛሬ ግን ከራሴ የጨመርኩት አንድም ቃል የለም። እስከ መጨረሻው አንብበው። ከመጨረሻው ደግሞ እንዳትጀምር፣ አውቅሃለሁ።

ነገሩ የተነሳው ከሰማያዊቷ ፒክአፕ ነው። አባባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እኔ ስነዳት አራት ዓመት ሞላኝ፤ ከግንባታ ዕቃ መደብሩ ሲሚንቶና ሴራሚክ እየጫንኩ አቀበቱ ላይ ወደሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች አደርሳለሁ። የዳሽቦርዷ የሙቀት መርፌ በጋ ክረምት ሳትል መሃል ላይ ተገትራለች። ባለፈው ወር ውሃዋ ፈልቶ በእንፋሎት ስታፏጭ እንኳ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ ነው ዶክተር የተቆጣኝ። ዶክተርን አትረሳውም፣ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ እያደረገ የሚያዳምጠው መካኒክ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምትነጂው፣ ይቺ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጉድ ታደርግሻለች አለና ሦስት ጌጅ፣ ባለመርፌ መለኪያ፣ ለብቻ እንድገጥም መከረኝ፤ አንዱ የዘይት ግፊት፣ አንዱ የውሃ ሙቀት፣ አንዱ የባትሪ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሦስቱንም ከነመያዣ ቆርቆሯቸው አገኘሁ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ለአባባ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ጌጅ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ ነው የነዳሁት አሉ። የግድ ከሆነም ከታች በኩል ስቀያቸው፣ ዳሽቦርዱን ግን እንዳትፈቺ፣ ፕላስቲኩ ደርቋል፣ ይሰበራል፣ ሰምተሻል አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። እጃቸውን ሲታጠቡ እንደገና ዳሽቦርዱን እንዳትነኪ አሉ። ወደ መኝታቸው ሲሄዱ ሦስተኛ ጊዜ። እኔ ሞኟ ይቺን መኪና ከልጆቻቸው አብልጠው ይወዳሉ ብዬ በሆዴ ሳቅሁባቸው።

እሑድ ጠዋት አባባና እማዬ አክስታችንን ሊጠይቁ ሲወጡ ጓሮ ኮፈኗን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልኩ። ሽቦዎቹ ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚያልፉበትን ቀዳዳ በሳሁ፣ የቆርቆሮው ስለት እንዳይቆርጣቸው ጎማ አለበስኩት። ለዘይቱ ጌጅ ሞተሩ ጎን ላይ ያለውን፣ የዘይት መብራቷን የሚያበራውን ስዊች ፈትቼ በቦታው ባለሦስት አፍ የነሐስ መገጣጠሚያ አስገባሁ፤ ባንዱ አፍ አሮጌው ስዊች ተመልሶ ይገባል፣ በሌላው የአዲሱ ጌጅ ቀጭን ቱቦ። ለጊዜው በእጄ ብቻ አጠበቅሁት፣ በኋላ በመፍቻ እመለስበታለሁ ብዬ። እስከዚህ ድረስ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ባትሪውን መልሼ ቁልፍ ስከፍት የጌጆቹ መብራት ቦግ አለ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ልትበራ ይገባ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ ነው የምትጠፋው። እሷ ግን ድርግም ብላለች። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በርታ እንዳላየኋት ያን ጊዜ ገባኝ። አለመብራቷን ደህና ነሽ እንደማለት ቆጥሬው ስነዳ ኖሬያለሁ። ለዶክተር ደወልኩለት። ሽቦዋን ከስዊቹ ነቅለሽ ከብረት አስነኪያት፣ ካልበራች አምፖሏ ነው አለኝ። አስነካኋት። አልበራችም።

የአባባ ትእዛዝ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ስምንት ብሎን ፈትቼ ዳሽቦርዱን ሳብኩት። ፕላስቲኩ አልደረቀም፣ አልተሰበረምም። የቀይዋ መብራት ቦታ ባዶ ነው። አምፖሉ ተቃጥሎ አይደለም፤ የለም። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ከሽቦዎቹ ጀርባ በፕላስተር የተለጠፈች ትንሽ ጥቅል ወረቀት ነካሁ። ስፈታት አምፖሉ ውስጧ አለ። ወረቀቱ የሒሳብ ቤት ሥራ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ለ ይላል፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ይቺን ቤት ሥራ ታስታውሳታለህ? መምህሯ ደብተሬን ስትገልጥ ገጹ የለም። ሠርቼ ነበር ብል ብሠራ ማን ሊያምነኝ፤ ውሸታም አለችኝና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችኝ። ቤት መጥቼ ሳለቅስ ያመንከኝ አንተ ብቻ ነበርክ። በማግስቱ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ድረስ ሄደህ፣ ከደብተሩ ስፌት ላይ የቀረውን ቅዳጅ እያሳየህ፣ እህቴ አትዋሽም አልካት። ገጹን ማን እንደቀደደው ግን ሳናውቅ ቀረን።

መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሞተሩ በአንተ እጅ ላይ ነክሶ የቆመው እኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስፈተን ነው፤ ገጹ ከጠፋ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የቤት ዕቃ ነጋዴውን ቁም ሳጥን ጭነህ አቀበቱ ላይ ዘይት አልቆበት ሞተሩ ቀጥ ያለ ቀን፣ ተጎትታችሁ ስትመጡ ጎረቤቱ ሁሉ በራችን ላይ ወጥቶ ነበር። አባባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀዩ መብራት በርቶ እያየህ ነው የነዳሃት አሉህ። አልበራም አልክ። ውሸታም አሉህ። አልበራም፣ አልበራም አልክ፣ ድምፅህ እየቀነሰ ሄደ። እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቆሜ ነበር። ወንድምዓለም፣ እኔም አላመንኩህም። መብራት እንዴት ሳይበራ ይቀራል ብዬ ነው ያሰብኩት። አንተ ለእኔ ያደረግኸውን እኔ ለአንተ አላደረግሁም፤ ይህን ለዘጠኝ ዓመት አስቤው እንኳ አላውቅም ነበር።

ደሜ ፈላ። ወርጄ ያንን በእጄ የተውኩትን መገጣጠሚያ በትልቁ መፍቻ ጠመዘዝኩት፤ ይበቃል ሲለኝ ጨመርኩበት፣ ይበቃል ሲለኝ ጨመርኩበት። አምፖሉን ቦታው መለስኩና ቁልፍ ከፈትኩ። በራ። ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ አምፖል ነው። ዳሽቦርዱን ገጠምኩ፣ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ፣ እጄን ታጠብኩ።

አባባ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጌጆቹን እንሞክራቸው፣ አቀበቱን ወጥተን እንመለስ አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። ገብተው ተቀመጡ። ቁልፉን ስከፍት ቀይዋ መብራት በፊታቸው ቦግ አለች። አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ቀበቷቸውን መጎተት ጀመሩ፣ መሰኪያውን አጥተውት ሦስት ጊዜ ሳቱት። ሞተሩን ሳስነሳ መብራቷ ጠፋች።

እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ የዘይቱ መርፌ ደህና ነበረች። ከሦስተኛው በኋላ በየመታጠፊያው ወረድ እያለች መመለስ አመጣች። ከኋላችን የጭነት መኪና ተለጥፎ ጥሩምባውን ይነፋል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ የምቆምበት የለም። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። መርፌዋ ወረደች፣ በዚያው ቀረች፤ ቀይዋ መብራትም በራች። አባባ አጥፊው ብለው ጮኹ። አጥፊው ልጄ፣ አሁኑኑ አጥፊው አሉ። አጠፋሁትና ባለን ግፊት ተንሸራተን ከመንገዱ ወጣን። የቆምንበትን ቀና ብዬ ሳይ የውሃ ታንከሩ ስር ነው። አንተም የቆምከው እዚያው ነበር።

ኮፈኑን ስንከፍት የሞተሩ ጎን በዘይት ታጥቧል። ነሐሱ ተሰንጥቋል። አባባ በጣታቸው ስንጥቁን ዳሰስ አድርገው ይህን እንዲህ ያጠበቀው ማነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ምነው፣ እጅሽ እንዲህ አልነበረም አሉ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አልያዙም ነበር፤ ከዓይናቸው አርቀው ያዙት፣ ግን ማንበብም አላስፈለጋቸውም።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ስዊቹ ተበላሽቶ መብራቷ ያለ ምክንያት ቦግ እልም ትል ነበር አሉ። አንድ ደንበኛ ቀይ መብራት አይቶ ዕቃዬን አውርድልኝ አለኝ፣ ለሁለት ቀን ብዬ ነቀልኳት፣ አጠገቤ ካገኘሁት ደብተር ቀድጄ ጠቀለልኳት። ስዊቹን ስቀይር እሷን መመለስ ረሳሁ። እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነበር አሉ። መቼ ትዝ አለዎት አልኳቸው። ወረቀቱን አጣጠፉት። እንደገና ጠየቅኋቸው፤ አባቴን እንዲህ አፋጥጬ አላውቅም። ሞተሩ በቆመ በሦስተኛው ቀን አሉ። ዶክተር ሞተሩን ሲያወርድ ዳሽቦርዱንም ልየው ቢለኝ አያስፈልግም ያልኩት ለዚያ ነው አሉ። ልጁ ከዚያ በኋላ አራት ወር ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ በልቷል፣ ለምን አልነገሩትም አልኳቸው። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እል ነበር፣ ነገ ስል ሄደ አሉ።

አዘንኩላቸው ብዬ አልዋሽህም። በዚያች ሰዓት አላዘንኩም፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ስጽፍ ያንገበግበኛል። ዶክተር አዲስ መገጣጠሚያና ዘይት ይዞ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ጀርባ ሰጥተን ተቀመጥን። ሞተሩ ተረፈ። ካቻቢቴውን ተክሎ አዳመጠና ምንም አልሆነችም፣ በጊዜ ነው ያጠፋችኋት አለ። አባባ መብራቷ ናት የነገረችን አሉት። ከዚያ ለእሱም ነገሩት፣ ከአፋቸው ሲወጣ ሰማሁ።

ቤት ስንገባ ለእማዬ ራሳቸው ተናገሩ። እማዬ ያጠራቀመችውን እንባ ሁሉ አወረደችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ምግባቸውን ታቀርብላቸዋለች እንጂ አታናግራቸውም። ትናንት ደግሞ አባባ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው የቤት ዕቃ ነጋዴው ጋ ውሰጂኝ አሉኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። ሰዉ ይውጣ አላሉም፤ እዚያው ቆመው ልጄ ያን ቀን እውነቱን ነበር አሉት። ነጋዴው ወንበር አቀረበላቸው፣ እሳቸው አልተቀመጡም።

ይቅር በላቸው ብዬ አልለምንህም፣ እሱ የአንተ ነው። እኔ የምለምንህ ስለ ራሴ ነው፤ በበሩ መቃን ላይ ቆሜ ዝም ስላልኩት። የቤት ሥራዬን ገጽ አብሬ ልኬልሃለሁ። ለካ ሦስተኛው ጥያቄ ስህተት ነው፤ መምህሯ ብታየውም ከመቆም አልድንም ነበር።

እማዬ ደረትህን ሸፍን፣ አደራህን፣ ደውልልኝ ትልሃለች። አክስታችን መቼ ነው የምታገባው ብላ እንደ ልማዷ ትጠይቅሃለች። ልብስ ሰፊዋ የተውከው ሱሪ ተጠግኖ ዘጠኝ ዓመት እየጠበቀህ ነው፣ ወገብህ ካልሰፋ ብላለች። ዶክተር ዳሽቦርዱን በግድ ባየው ኖሮ እያለ ራሱን ይወቅሳል፣ ሰላምም ይልሃል። ውሻው አርጅቷል፣ ግን የሰማያዊቷን ድምፅ ሲሰማ አሁንም በር ድረስ ይሮጣል። እኔ እህትህ ሁለት ጉንጭህን ስሜያለሁ።

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ጽሕፈት አይደለም። ስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ መስመሩ ተንጋዷል።

መብራቱ አልበራም። አምፖሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ውሸታም ያልኩህ በሰው ፊት ነውና ይህን ወረቀት ለፈለግኸው ሰው አሳይ። ሰላም ባልከኝ ጊዜ እኔ አለሁ።
አባትህ

ከቤታችን፣ ከጓሮው በረንዳ
ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን