ፒያኖው ለብርቄ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.። ዓይኔ አያይም።

አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። እኔ ኤሌኒ ሀብተሥላሴ፣ ጎንደር ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ወልደኢየሱስና ሦስት ጎረቤቶቼ ለምስክርነት ተቀምጠው ሳለ ይህን እናገራለሁ። የሚጽፈው መምህር ምንይችል ነው። ሲያበቃ ይነበብልኛል፤ ሁላችንም እንፈርማለን። ይህ ካልሆነ ወረቀቱ ከንቱ እንደሆነ፣ ያለኝም ሁሉ ለአንድያ ልጄ ለሙሉሰው እንደሚሆን አውቃለሁ።

የአዘዞውን ቤት ሙሉሰው ይውሰድ። ይህን ቤትና ከሥሩ ያለውን አዳራሽም ይውሰድ። አባቱ፣ ባሌ አቶ ሰጠኝ፣ ጣሪያውን ሲጠግን ወድቆ የሞተበት ነውና ሲሸጠው ያስብበት።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ፒያኖ ግን ለባሌ እኅት ለብርቄ ይሁን። እሑድ እሑድ ድምፅ አልባ የድሮ ፊልሞች ስናሳይ በፒያኖ የማጅበው እኔ ነኝ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ብርቄ ከጎኔ ተቀምጣ ትነግረኛለች፦ «አሁን ሮጠ፤ ሊወድቅ ነው፤ ምነው ይች ሴት አታየውም!» አንድ ቀን ሁሉም ጥቁር ለብሰው ብታይ «ልቅሶ ቤት ናቸው» አለችኝ። ሰርግ ኖሯል። ሙሽራው ሲገባ እኔ ሙሾ እመታለሁ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተመልካቹ ወዶት ዛሬም ያንን ፊልም በሙሾ ነው የምናሳየው።

ሙሉሰው ፒያኖውን ለጌጥ እንዲሆን ለአንድ ሆቴል ሊሸጠው ቃል ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ እኔ በብርቄ ዓይን የማየው ነገር አይኖርም። ለምኜዋለሁ፤ አልሰማኝም።

አሁንም እዚሁ አጠገባችን ቆሞ «እማዬ፣ አክስቴ መጫወት አትችል፣ ምን ልታደርገው?» ይላል።

ብርቄም «በርበሬ አሰጣበታለሁ። አንተ ምን ቸገረህ?» አለችው።

መምህር፣ ይህንም ጻፈው።

ቆይ። ከታች የፒያኖው ክር ሲያቃስት ሰማሁ። ብርቄ፣ በመስኮት እዪልኝ።

«አራት ጎረምሶች ተሸክመው እያወጡት ነው፣ እትዬ። ማኪናው በር ላይ ቆሟል።»

ሙሉሰውስ?

«እዚሁ ቆሞ ስልኩን ያያል።»

መምሬ «ፈርሚና ሂጂ፣ ልጄ» ይሉኛል። ምንይችል ሳይነበብ አይፈረምም ይላል። ሁለታቸውም እውነት አላቸው። እስኪነበብ ግን ማኪናው ይሄዳል።

ብርቄ፣ ክንዴን ያዥኝ። ደረጃው ላይ ሆነሽ የምታዪውን ንገሪኝ።

«አራቱ ተሸክመዋል፤ ሰው ቆሞ ያያል። ልቅሶ ይመስላል፣ እትዬ።»

አሁን አልተሳሳትሽም። እንሂድ።

መምህር፣ ብዕሩን አስቀምጠው። ሳልፈርም ወጥቻለሁ።