እምቢ ያልኩልህ

አራዳ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ውድ ፈቀደ፣

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ እልሃለሁ። ቅር ካለህ ይበልህ። ከሞትክ ሁለት ወርህ አልሞላም፤ ሰው ሁሉ ሐዘን አከሳት ይላል። ያከሳኝ ግን ንዴት ነው። ለአንተ ካልነገርኩ ደግሞ የምነግረው ሰው የለኝም፣ ምክንያቱም አፌን የዘጋኸው አንተ ነህ።

በአርባህ ቀን የሆነውን ስማ። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ምሳ እየበላ ሳለ እህትህ እትዬ ወርቅአፈራሁ ከተቀመጠችበት ተነሣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ሐዘን ነው ተብሎ ይታለፍላት ነበር፤ እሷ ግን እንዲታለፍ አልፈለገችም።

"ወንድሜ ይድን ነበር" አለች። "ሐኪሙ እግሩን ቆርጬ ላድነው ሲል አይሆንም ያለችው ይቺ ናት። አንድ እግር ያለው ባል ማስታመም አስጠልቷት ነው። ገና ወጣት ነኝ፣ ሌላ አገባለሁ ብላ ነው። በቁሙ ነው የቀበረችው።"

የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነጋዴዎች፣ ሃያ ዓመት ሱሪ የሰፋህላቸው ጎረቤቶችህ፣ ሁሉም ሳህናቸውን ያዩ ጀመር። እኔም የራሴን አየሁ።

የገረመኝ ማመናቸው ነው። ለመሆኑ አንተ መቼ ነው እኔን ሰምተህ የምታውቀው? ከሠራተኛ ሰፈር ወደ ድልድዩ ስንዛወር፣ ቤት መቀየራችንን የነገረኝ አልጋችንን ሊሸከም የመጣው ኩሊ ነው። የልጃችን የሰገነት የክርስትና እናት ማን እንደሆነች ያወቅኩት ልጄን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከደረስኩ በኋላ ነው። የምለብሰውን ቀሚስ እንኳ የምትመርጠው አንተ ነበርክ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ እግሩ ጉዳይ ሚስቱን ታዘዘ ሲባል፣ "ቆይ እስቲ፣ ፈቀደ ነው?" ያለ አንድ ሰው ጠፋ።

ነገሩ እንዴት እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለን። ግን ለሟችም ቢሆን ልድገምልህ፣ አምልጦህ እንደሆነ።

በነሐሴ ጫማ የላጠህ ትንሽ ቁስል፣ ስኳር ስላለብህ አልድን ብሎ ጣትህን አጠቆረው፤ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚትህ ወጣ። ሆስፒታል ገባህ። ፈረንጁ ሐኪም አይቶህ፣ ቁስል የሚያጥብልህ ድሬሰር ኪዳነማርያም እያስተረጎመ፣ "ከጉልበትዎ በታች ከተቆረጠ ይድናሉ፤ ካልተቆረጠ መርዙ ደምዎ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የምናደርገው የለም" አለህ። "ነገ ልመልስልህ" አልከው። ገና ከመውጣታቸው ነጠላዬን ጨምድደህ ያዝክ።

ትከሻህ ላይ ያለውን ጠባሳ የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም። በጠላት ጊዜ ጫካ ሆነህ ጥይቱን በጋለ ቢላ ሲያወጡልህ ትንፍሽ አለማለትህን በየጠጅ ቤቱ ስታወራው ኖረሃል። ያን ቀን ግን ቀስ ብለህ፣ "ውሸት ነው" አልከኝ። "አራት ሰው ይዞኝ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሽንቴ ሁሉ አምልጦኛል። ሁለተኛ ቢላ አይነካኝም፣ አባይነሽ።"

"ታዲያ ለሐኪሙ ይንገሩት። አሁን እኮ አደንዝዘው ነው የሚቆርጡት አሉ።"

"ፈቀደ ፈራ ልባል? ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም፤ አንቺ እምቢ በይልኝ። ሴት ነሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም።"

ማንም አይፈርድብሽም አልከኝ። ቀጥለህ፣ "ሰገነት ትሙት በይ" አልከኝ። ከአንድ ልጅ ሌላ በሌለን ሰዎች፣ በዚያችው ልጅ አስማልከኝ። "ሰገነት ትሙት፣ ለማንም አልናገርም" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እህትህም ሰገነትም አልጋህን ከበው ሳለ ሐኪሙ መጣ። "እኔስ ዝግጁ ነበርኩ" አልክ፣ ደረትህን ነፍተህ። "አባይነሽ ናት አይሆንም ያለችው።" ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"አዎ፣ አይቆረጥም" አልኩ።

ኪዳነማርያም የሰማውን አላመነም። "እመቤቴ፣ ባለቤትዎ እንደሚሞቱ ገብቶዎታል?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ ገብቶኛል አልኩት። ሐኪሙ ወደ አንተ ዞሮ እርስዎስ ምን ይላሉ ቢልህ፣ "የሚስቴን ቃል አላፈርስም" ብለህ መለስክ። ትዳራችን ውስጥ ቃሌን ያከበርክባት ቀን እሷ ናት። ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞትክ።

መፍራትህን አልነቅፍም። የፈራ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ራሴ ስፈራ ነው የኖርኩት። ይቅር ልልህ ያልቻልኩት ዘጠነኛውን ቀን ነው። እትዬ ወርቅአፈራሁ አልጋህ አጠገብ ቆማ፣ ልጃችን እየሰማች፣ "ይቺ ሴት ገደለችህ" ስትልህ ነቅተህ ነበር። ዓይንህ ተከፍቶ ነበር። ሁሉን ተናገር አልልህም፤ "ተያት" ብትላት ይበቃኝ ነበር። አንተ ግን ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። ሰገነት ያን አየች።

ከአርባህ በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ሥላሴ አጠገብ ወዳለው የአክስቷ የእትዬ ወርቅአፈራሁ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ "እማዬ፣ አባዬ እኮ ዝግጁ ነኝ ብሎ ነበር። ለምንድን ነው እምቢ ያልሽው?" አለችኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ መሐላው ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። እንዳትሞትብኝ ብዬ ዝም ባልኩ፣ በሕይወት እያለች አጣኋት።

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ ሄጄ ሁሉንም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "በልጅ ነፍስ ማስማሉ የእሱ ኃጢአት ነው፣ መማልሽ ደግሞ ያንቺ" አሉኝ። "እግዚአብሔር ግን እንዲህ ባለ መሐላ ልጅ አይወስድም።" ለሰባት ቀን በየቀኑ መቶ ስግደት ሰጥተው ከመሐላው ፈቱኝ። ልነሣ ስል፣ "አንቺስ ለምን እሺ አልሽው?" ብለው ጠየቁኝ። ባሌ ነው፣ አዘዘኝ፣ ፈራሁ ብዬ መለስኩላቸው።

ስግደቱን ዛሬ ጨረስኩ። ጉልበቴ አብጦ በርጩማ ላይ እግሬን ሰቅዬ ነው የምጽፍልህ። ስወድቅ ስነሣ የሰነበትኩት ለመሐላው ቢሆንም፣ ያሰቃየኝ ለአባ የመለስኩት መልስ ነው። ውሸቴን ነበር።

እውነቱ ይኸውልህ። ነጠላዬን ይዘህ፣ "ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም" ስትለኝ ደስ አለኝ። እግርህ እየሸተተ፣ አንተ እየተንቀጠቀጥክ፣ እኔ ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ነበረች። በር ላይ ኪዳነማርያምን ይዤ፣ "ፈርተው ነው፣ አባብሏቸው" ብዬ ብነግረው ይበቃ ነበር። ያባብሉህ ነበር። ዛሬ አንድ እግርህን ዘርግተህ እዚህ ቁጭ ብለህ ትቆጣኝ ነበር። እኔ ግን ያን ካደረግኩ ሁለተኛ ምንም አያማክረኝም ብዬ ሰጋሁ። ምስጢርህ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ፣ አንተን እስኪያሳጣኝ ድረስ። እህትህ ምክንያቴን አላወቀችውም፤ ምክንያት እንደነበረኝ ግን አልተሳሳተችም።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥላሴ ደጅ ላይ ቆሜ ሰገነትን እጠብቃታለሁ። በመጀመሪያ ያንተን እነግራታለሁ። ታለቅሳለች፣ ይቅርም ትልሃለች፤ አባቷ ነህ፣ ቢላ የሚፈራ ሰው ይቅር ለማለት አያስቸግርም። ቀጥዬ፣ ሳትጠይቀኝ፣ የራሴን እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትምጣ አትምጣ አላውቅም።

ያንተን ብቻ ነግሬ ልጄን ይዤ መግባት እችላለሁ። ማንም አያውቅብኝም፤ አንተም ከእንግዲህ የምትለው የለህም። ግን ሰው ከኋላዬ ሲደበቅ ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ፣ ፈቀደ። እኔ ከኋላህ አልደበቅም።

አባይነሽ