ሁለተኛው ፊርማ

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለበኩር ልጄ፤

ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የእጅ ጽሑፌን ስታይ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። አትደንግጥ፤ የሞተ ሰው የለም። እናትህ ደኅና ናት፤ ክር በመርፌ ማስገባት ብቻ አቅቷታል። የደነገጥሁት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ወር በደም ምርመራ የፕሮስቴት ዕጢዬ ሐኪሞቹን አጠራጠራቸውና ናሙና ወሰዱ። ማክሰኞ ዕለት ካንሰር መሆኑ ተነገረኝ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም። የካፖርቴን ቁልፎች አዛንፌ መቆለፌን አይታ ያስተካከለችልኝ ነርሷ ናት። እኔን፣ ከረባቴ ጠምሞ ታይቶ የማያውቀውን ሰው!

ትናንት ለውሳኔ ሐኪሟ ዘንድ ቀረብሁ። ዛሬውኑ ትቆርጠኛለች ብዬ ቢጃማና ምላጭ በሻንጣ ይዤ፣ ኑዛዜዬንም በፖስታ አሽጌ ነበር። ሐኪሟ ዕድሜዋ ያንተን ቢያክል ነው።

«አባባ፣ ሻንጣው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለመተኛት ነዋ!»

«አይተኙም። ለጊዜው ቀዶ ጥገናም ጨረርም አያስፈልግዎትም። እንከታተለዋለን።»

አርጅቷል ብላ ተስፋ የቆረጠችብኝ መሰለኝ። «ሌባ ቤቴ ገብቶ ሳለ ቁጭ ብለን እንየው ትይኛለሽ?» ብዬ ጮኽሁባት።

«ሌባው እንቅልፋም ነው፣ አባባ። ትንሽ ነው፤ ከዕጢው አልወጣም፤ ናሙናውም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነው። ብዙ ሰው አብሮት ያረጃል እንጂ በእሱ አይሞትም። ቢቆረጥ ግን ሽንትዎ ሊያመልጥዎ ይችላል፤ ሌላም አለ።»

ሌላውን ለልጅ አልጽፍም።

«በየስድስት ወሩ ደምዎን እናያለን፤ በየጊዜውም ምስልና ናሙና እንወስዳለን። ከተንቀሳቀሰ ያኔ እንነሣበታለን። ምርጫው ግን የእርስዎ ነው» አለችኝ።

«ቁረጪኝ» አልኋት። ለመንኋት ብል ይቀላል። ያስቡበት ብላ ሁለት ቅጽ ሰጥታ ሸኘችኝ፤ አንዱ የቀዶ ጥገና፣ አንዱ የክትትል።

እናትህ ስትቆጣ አንቱ የምትለኝ ነገር አላት። ሸሚዜን እየተኮሰች ሰማችኝና ካውያውን አቆመች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድልድዩን 'አትንኩት' ሲሉ የኖሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? የእርስዎ ሥጋ ሲሆን ጊዜ ይፍረስ?»

አጠገቤ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

በድልድይ ተቆጣጣሪነት ዘመኔ በሦስተኛው ምሰሶ ላይ የነበረውን ስንጥቅ በየስድስት ወሩ ወርጄ እለካ ነበር። ስንጥቁን አሻግረን ቀጭን መስታወት በጂፕሰም አጣብቀናል፤ ስንጥቁ ከሰፋ መስታወቱ ይሰበራል። መዝገቡም ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይዘጋም። አንተ ወንበሬን በተረከብህ በመንፈቅህ ድልድዩ እንዲፈርስ ጻፍህ። እኔም ቢሮህ ድረስ መጥቼ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ፈሪ አልሁህ። በሳምንቱ አገር ለቀህ ሄድህ።

ዛሬ ጠዋት ከእናትህ ጋር ተመልሼ የክትትሉን ቅጽ ፈረምሁ። ሐኪሟም እንዲህ አለችኝ፦ «ይህ መተው አይደለም፣ አባባ። አንድ ቀጠሮ ከቀሩ ክትትል መሆኑ ቀረ፤ ራስን ማታለል ነው።»

ልጄ፣ ካንሰር ስባል እንኳ እንዲህ አልደነገጥሁም።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ አልወረድሁም። ይህን ከምናገር ሞቴን እመርጥ ነበር። ያለፈውን ቁጥር ገልብጬ ጻፍሁ፤ ባልደረባዬም እኔን አምኖ ሁለተኛውን ፊርማ አኖረ። አንተ ግን ወርደሃል። መስታወቱን ተሰብሮ አገኘኸው፣ አይደለም? ያን ዕለት «አባቴ አልወረደም» ብትል ኖሮ ከዚያ ክፍል አንገቴን ደፍቼ የምወጣው እኔ ነበርሁ። አንተ ግን ባርኔጣህን አንሥተህ፣ በሩን እንኳ ቀስ አድርገህ ዘግተህ ወጣህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን አካሄድህን የጥፋተኛ አካሄድ ነው ስል ኖርሁ።

በቅጹ ግርጌ፣ ከእኔ ፊርማ በታች፣ በየምርመራው አብሮ የሚገኝ የቤተሰብ ሰው የሚፈርምበት መስመር አለ። እናትህ ልፈርም ብላ ብዕር አነሣች፤ ከለከልኋት። እሷ ትሳሳልኛለች፤ አልሄድም ብል እሺ ትለኛለች። እኔም ብቻዬን ከሆንሁ ያለፈውን ቁጥር እንደምገለብጥ አሁን አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ምርመራ ግንቦት ፲፬ ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው። ሥራ እንደሚበዛብህ እገምታለሁ። መስመሩ ግን ባዶውን ተቀምጧል።

የምትሠራው ድልድይ ሁሉ ሰውን በሰላም ያሻግር፤ የምትረግጠውም መሬት ይጽናልህ።

አባትህ፣
የመጀመሪያው ፈራሚ